የተያዘብኝ ገጽ

አባቴ የሞተ ጊዜ በእኔና በእሱ መካከል የነበረው የአንድ ሚኒባስ መንገድ ነው። እሱ አምበር አጠገብ በቤቱ፣ እኔ ደብረ ማርቆስ። ጠዋት ተነስቼ ብሄድ ለቀብሩ ደርሼ፣ አልቅሼ፣ አፈር አልብሼ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ከለቀስተኛው ጋር እቀመጥ ነበር። አልደረስኩም። መንገድ ተዘግቶብኝ አይደለም፤ ታምሜም አይደለም። ያስቀረችኝ ከሰው ሁሉ መርጬ አደራ የሰጠኋት ጓደኛዬ ነች፤ ያስቀረችኝም እኔው በእጄ በሠራሁት ነገር ነው። ይሄን ስናገር እስከ ዛሬ ድምፄ ይሻክራል፤ ይሻክር።

መርዶ የሚባለውን ነገር ከድሮም አልወደውም። እናቴ ስትሞት የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ፈተና ላይ ነበርኩ። ቤተሰቡ ተማክሮ «ልጅቷ ፈተናዋን ትጨርስ» አለ። ወንድሜ በስልክ «እናታችን ደህና ናት፤ ትንሽ ድካም ብቻ ነው» ይለኝ ነበር፤ እናቴ ግን ያኔ አፈር ከለበሰች ሰንብታለች። ፈተናውን ጨርሼ መጣሁ፤ ከመናኸሪያ የተቀበሉኝ ዘመዶች ሻንጣዬን ተሸክመው፣ ስለ ዝናቡና ስለ አዝመራው እያወሩ ወሰዱኝ። የቤታችን በር ላይ ስደርስ ዋይታው ተነሳ። ፈተናውን በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት። ያንን ውጤት ግን አንድ ቀን እንኳን ደስ ብሎኝ አይቼው አላውቅም።

ጓደኛዬን ያገኘኋት እዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው። አንድ ክፍል ተኝተን፣ ከአንድ ሳህን በልተን አድገናል ማለት ይቻላል። የእናቴን ለቅሶ ጨርሼ ስመለስ ጸጉሬን የሠራችልኝ እሷ ነች። እናቷ ደብረ ማርቆስ ይኖራሉ፤ በዓል ሲሆን የእኔ ድርሻ እሳቸው ቤት ነበር፤ «ልጄ» ይሉኛል፣ እስከ ዛሬም ይሉኛል። ስንመረቅ ገበያው አጠገብ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በላይ ጠባብ ክፍል ተከራይተን የሞባይል አፕ መሥራት ጀመርን። እኔ ሰው በዓይኑ የሚያየውን፣ በጣቱ የሚነካውን እሠራለሁ፤ እሷ ከጀርባ ያለውን፣ መረጃው የሚቀመጥበትንና የሚላክበትን ሰርቨር። ሰው «ባልና ሚስት» እያለ ይቀልድብን ነበር። እውነትም እንደ ባልና ሚስት እንጨቃጨቅ ነበር፤ ግን ማታ አኩርፈን ሄደን አናውቅም።

ትልቁ ሥራችን የሰፈራችን ዕድር አፕ ነው። እኔም እሷም አባል ነን። አፑ ሦስት ገጽ ነበረው፤ ሰው በጣቱ ወደ ጎን እየገፋ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል። መጀመሪያ የስብሰባ ማስታወቂያ፣ መሐል ላይ ለቅሶ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያሳየው የዕቃ ገጽ።

እንዲህ የሚገፉ ገጾች አንድ ጠባይ አላቸው። አንዱን ገጽ እያየህ ሳለ አጠገቡ ያለው ከጀርባ ሆኖ ቀድሞ ይዘጋጃል፤ ጽሑፉን፣ ፎቶውን፣ ድምፁን ከሰርቨር አምጥቶ ይጠብቅሃል። ጣትህ ሲገፋው እንዳትጠብቅ ነው። ክፋት የለውም፤ ሰው መጠበቅ አይወድም። ነገር ግን ገጹ በእርግጥ እየታየ ይሁን ወይስ ገና በር ላይ ቆሞ ይሁን ራሱ አያውቅም፤ ካልነገሩት በስተቀር።

ጓደኛዬ የለቅሶው ገጽ ላይ ድምፅ እንዲኖር ፈለገች። የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ጠዋት በሰፈሩ እየዞሩ ሲነፉ በስልኳ ቀዳች፤ ከጥሩምባው ቀጥሎ ደግሞ ማስታወቂያውን በራሷ ድምፅ አነበበችው፤ ማንበብ ለማይችሉት አባላት ብላ። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነበረች። ሽማግሌዎቹ ወደዱት። ከዚያ ወዲያ የዕድሩ ዳኛ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይልኩላታል፤ እሷ አንብባ፣ ቀድታ ገጹ ላይ ታወጣዋለች። የእሷ ሥራ ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን አንዲት ነጋዴ አባላችን ሱቋ ውስጥ ሆና ወንበሮቹ ማን ዘንድ እንዳሉ ልታይ የዕቃውን ገጽ ከፈተች። አጠገቡ ያለው የለቅሶ ገጽ እንደ ጠባዩ ከጀርባ ተዘጋጀ። ተዘጋጅቶ ዝም ቢል ደግ ነበር፤ ጥሩምባውን ነፋ። ቀጥሎ የጓደኛዬ ጥርት ያለ ድምፅ የነጋዴዋን ወንድም ስም ጠራ። ሴትዮዋ ባልከፈተችው ገጽ፣ ስኳር የምትመዝንለት ደንበኛ ፊት፣ ብቻዋን መርዶዋን ሰማች። ደንበኛው ነው አሉ ሮጦ ጎረቤት የጠራላት።

ዕድሩ ተሰበሰበ። ዳኛው ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ቀን ግን በከዘራቸው መሬቱን መቱት።

«መርዶ እኮ ሥርዓት አለው» አሉ። «መጀመሪያ ጎረቤት ይሰማል፤ ዘመድ ይሰማል፤ ድንኳኑ ይሰናዳል። ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ ሄዶ ቀስ አድርጎ ይነግረዋል። ለምን? ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር ነዋ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ለሀዘንተኛ ደግሞ ባዳ መሆኑ ደግ ነው። እናንተ ጥሩምባውን ኪሱ ውስጥ ከተታችሁለት።»

ማስተካከሉ የእኔ ድርሻ ነበር። ገጹ ዓይን ፊት ሳይደርስ ምንም ነገር እንዳያመጣ፣ ድምፅም እንዳያሰማ አደረግኩት። ከባድ ሥራ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ገጽ ‹አሁን ፊት ለፊት ነህ›፣ ‹አሁን አይደለህም› ብሎ መንገር ነው። ሽማግሌዎቹን ግን አልበቃቸውም። ሀዘንተኛው ራሱ ገጹን ቢከፍትስ? ሌላው አባል ለመርዶው እንዲሰናዳ ማስታወቂያውን ቀድሞ ማየት አለበት፤ ሀዘንተኛው ግን ማየት የለበትም። ስለዚህ ሌላ ነገር ጨመርኩ። በሥራ ስልካችን የሀዘንተኛውን ስም ነክተው «ያዝ» ሲሉ የዚያ ሰው የለቅሶ ገጽ አዲስ ነገር ማምጣቱን ያቆማል። መርዶው ከተነገረው በኋላ «ልቀቅ» ይባላል፤ ያኔ ይመጣለታል።

«እስኪለቀቅ ድረስ ባዶ ገጽ ነው የሚያየው?» ብለው ጠየቁ ዳኛው።

«አዎ፣ አባባ።»

«ባዶ ከሆነማ እሱ ራሱ መርዶ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ለተያዘ ሰው የድሮው ማስታወቂያ እንዳለ እንዲቆይለት አደረግኩ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ። አንድ ቀልደኛ ሽማግሌ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ይሄስ ይለቅ ይሆን?» አሉና ሁላችንንም አሳቁን።

ሳልከራከር ግን አልሠራሁትም። «ሰው የገዛ ሀዘኑን ከሁሉ በኋላ የሚሰማው በምን ዕዳው ነው?» ብያለሁ። የእናቴን ነገር አንስቻለሁ። መጨረሻ ላይ «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» አልኩ፤ ሽማግሌ ፊት እንዲህ አይባልም፣ ጓደኛዬ በክርኗ ጎሰመችኝ። ዕድሩ ከወሰነ በኋላ ግን ሥራ ሥራ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። አሳምሬ ሠራሁት። ክፉ ጠባይ አለብኝ፤ የምጠላውን ነገር እንኳን አሳምሬ ካልሠራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

በዚያው ሰሞን አባቴ ታመመ። ሐኪሙ ልቡ ደክሟል አለ፤ መድኃኒት ሰጡትና እኔ ቤት ትንሽ ሰነበተ። አባቴ በልጅነቱ ዲማ ወርዶ ቅኔ ቆጥሮ ያቋረጠ ገበሬ ነው፤ ነገር ይወዳል። አልጋዬ ላይ ተደግፎ ስልኬን ይቀበለኛል፤ በወፍራም ጣቱ ገጾቹን ከወዲያ ወዲህ ይገፋቸዋል። አጠገብ ያለው ገጽ ሳይነኩት ቀድሞ እንደሚመጣ፣ እኔ ደግሞ እንዴት እንደማስቆመው ነገርኩት።

«ሳይጠሩት የመጣ እንግዳ ነዋ!» አለ። ስለ «ያዝ» ስነግረው ግን አልሳቀም። ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀመጠው። «እኔ ስሞት አንቺንም ይይዙሻል?»

«ማን ወንድ ነው የሚይዘኝ» አልኩት።

«እንዳይዙሽ። ያለ አንቺ ብቀበር ቅር ይለኛል» አለና ገጹን ወደ ዕቃው ገፋው። ድንኳኑ ማን ዘንድ እንዳለ አየ።

በኋላ «ሞቴም ሕይወቴም በቤቴ» ብሎ ተነሳ። እኔና ጓደኛዬ መናኸሪያ ወስደን፣ የመስኮቱን ወንበር አስይዘን፣ ጋቢውን አልብሰን በሚኒባስ ሸኘነው። በባጃጅ ስንመለስ እጇን ያዝኳት።

«ስሚኝ» አልኳት። «ወንድሜ አንድ ነገር ሲፈጠር የሚደውለው ላንቺ ነው፤ አውቀዋለሁ። አባቴ የሆነ ነገር ከሆነ መርዶ ምናምን እያላችሁ እንዳትጫወቱብኝ። ያንን ‹ያዝ› የሚሉትንም በእኔ ስም እንዳትነኪው። ተኝቼም ቢሆን ቀስቅሽኝ። አደራ።»

«እመቤቴን! ከሰው ሁሉ ቀድሜ የምነግርሽ እኔ ነኝ» አለች። የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ አየንና ራዲዮውን ዝቅ አደረገው። ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ እኔም ሆዴ አርፎ ገባሁ።

አባቴ የሞተው ሐሙስ ወደ ማታ ነው። እኔ አላውቅም። ዓርብ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ጓደኛዬ ቀድማኝ ገብታለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ «ጉንፋን ያዘኝ» አለች። ድምፅዋም ጎርነን ብሏል። ዝንጅብል ቀቅዬ ሰጠኋት። በማግስቱ ትልቅ ስብሰባ ነበረብን፤ የሌሎች ሰፈሮች የዕድር ኃላፊዎች መጥተው አፑን ሊያዩ ነው። እነሱ ከወደዱት ሥራችን ከአንድ ሰፈር ወደ ከተማው ሁሉ ይወጣል ብለን ለወራት ስንደክም ቆይተናል።

ስልኬን አውጥቼ አፑን ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክረው ብል አንድ ነገር ታየኝ። ለቅሶ የሚለው ቃል ላይ ቀይ ነጥብ አለ፤ አዲስ ነገር መጥቷል ማለት ነው። ገጹን ስገፋው ግን ያለው የድሮው ማስታወቂያ ነው። ነጥቡ መጥቶ ገጹ አልመጣም።

«ኔትወርክ ነው» አለች ጓደኛዬ፣ ወደ ስልኩ ሳታይ።

«ኔትወርክማ ቢሆን ነጥቡም አይመጣም ነበር።»

«ተይው ባክሽ፤ ነገ ስብሰባ አለብን።»

እኔ ደግሞ መተው አላውቅም። ለነገው እንዳያዋርደን ብዬ ኮዱን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። አሁን ሳስበው እንደ እብድ ያደርገኛል፤ መያዙን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የተያዘ ሰው የድሮውን ገጽ እንደሚያይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እንዴት አልጠረጠርኩም? አደራ ብያት ነበራ! ሰው አደራ የሰጠበትን በር ተመልሶ አይነካካም። ገጾቹ ቀድመው የሚዘጋጁበትን፣ ፊት ለፊት ሲደርሱ የሚነሱበትን፣ ሁሉንም ፈተሽኩ። እሷም ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ «እዚህ ጋ እይ እስኪ»፣ «ይሄኛውስ?» እያለች አብራኝ ፈለገች። ራሷ የደበቀችውን አብራኝ ስትፈልግ ዋለች!

ከምሳ በኋላ አባቴ ዘንድ ደወልኩ፤ አይነሳም። ወንድሜም አይነሳም። «አምበር ኔትወርክ የለም መሰለኝ» አልኳት። «እኔም ዛሬ ሰው ሳጣ ነው የዋልኩት» አለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስታ መስኮቱ ጋ ቆመችና አማተበች።

«ምን ሆንሽ?»

«ደወል ሰማሁ።»

እኔ ምንም አልሰማሁም። ወደ ኮዴ ተመለስኩ። አመሻሽ ላይ ኮምፒውተሯ ላይ የሆነ ነገር ነካካችና «በይ አሁን እይው» አለችኝ። ቀዩ ነጥብ ጠፍቷል። ነጥቡና ገጹ ተስማሙ። በደስታ አቀፍኳት። እሷም አቀፈችኝ፤ ጠበቅ አድርጋ፣ ከወትሮው ረዘም አድርጋ። ደክሟት ነው አልኩ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የእኛ ዕድር ዳኛ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሰላም ስላቸው እጄን ያዙ፤ ዓይኔን ግን አላዩኝም። ያን የቡዳውን ነገር አልረሱልኝም ብዬ አፈርኩ። የእኔ ስልክ ከፕሮጀክተሩ ጋር ተያይዞ ግድግዳው ላይ ይታያል። የሥራ ስልካችን፣ «ያዝ» እና «ልቀቅ» ያለበት፣ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እሱን የምታሳየው ሁልጊዜ ጓደኛዬ ነች። ሁሉም መልካም ሄደ። ስለ ጥሩምባው ስናገር ሳቁ፤ ስለ ነጋዴዋ ስናገር ከንፈራቸውን መጠጡ። መሐል ላይ ጓደኛዬ ስልክ ተደውሎላት ወጣች። ልክ ያኔ አንድ የሌላ ሰፈር ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

«የተያዘው ሰው በራሱ ስልክ ምን እንደሚያይ እስኪ አሳዪን፤ ሲለቀቅም እንዴት እንደሚመጣለት።»

ስልኬን ግድግዳው ላይ እንዳለ የለቅሶው ገጽ ላይ አቆምኩት። የሥራ ስልኩን አነሳሁ። የሰው ስም ነክቼ ‹እገሌ ሀዘንተኛ ነው እንበል› ማለት ነውር ነው፤ በሰው ላይ ማሟረት ይሆናል።

«እንግዲህ ሀዘንተኛዋ እኔ ነኝ እንበል፤ ክፉ አያሰማን» አልኩ።

ዳኛው ብድግ አሉ። «ልጄ፣ እሱ ይቅር። በሌላ አሳዪ።»

«ግድ የለም፣ አባባ። በሰው ከማሟረት በራሴ ይሻላል።»

«ይቅር አልኩሽ እኮ!» አሉ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ሊያርሙኝ የፈለጉ መስሎኝ እልህ ያዘኝ። ስሜን ነካሁ። «ያዝ» የሚለው መኖር የነበረበት ቦታ ላይ «ልቀቅ» ይላል። ተይዣለሁ ማለት ነው። አሁንም አልገባኝም። እንዲያውም ሳቅሁ። «ይቅርታ፤ ለሙከራ ይዘውኝ ረስተውኝ ነው» አልኩና «ልቀቅ»ን ጫንኩት።

እንዳልኩት አሳምሬ ነው የሠራሁት። አልዘገየም። ግድግዳው ላይ የድሮው ማስታወቂያ ወረደና አዲሱ መጣ፤ ጥሩምባው ተነፋ። ከዚያ የጓደኛዬ ድምፅ፣ «የአባላችን ወላጅ አባት» አለና የአባቴን ስም ከነአባቱ ጠራ። «አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት አምበር ይፈጸማል። አባሎች ለመርዶው እሑድ ጎህ ሲቀድ እንድትገኙ።»

መጀመሪያ ያሰብኩት ነገር ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይሄ ነው። ድምፅዋ ጉንፋን የለበትም አልኩ በሆዴ። ጥርት ያለ ነው። ሐሙስ ማታ ተቀምጣ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ የአባቴን ስም እንዳይሳሳትባት ተጠንቅቃ አንብባዋለች። ከዚያ ነው ያለቀሰችው። ከሰው ሁሉ ቀድሜ የምነግርሽ እኔ ነኝ ብላኝ ነበር፤ እውነትም መጀመሪያ የነገረችኝ እሷው ነች።

ስወድቅ ዳኛው ያዙኝ። ጋቢያቸው ውስጥ እንደ ሕፃን ሸሸጉኝ። «ይቅር አልኩሽ እኮ፣ ልጄ፤ ይቅር አልኩሽ እኮ» ይሉ ነበር። በጋቢው ጫፍ በሩን አየሁት። ጓደኛዬ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ቆማለች፤ ግድግዳውን ታያለች።

«ነገ ጠዋት ልንነግርሽ ነበር» አለች።

በዚያው ቀን አምበር ወሰዱኝ። መቃብሩ ላይ የተኛሁት አፈሩ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ለቀስተኛ ረግጦት፣ ሰው ሁሉ የድርሻውን አልቅሶ ሄዶ። አባቴ ቅር ብሎት ይሆን እያልኩ ነበር የማለቅሰው። ለሌላ ነገር ማልቀስ አቃተኝ።

ነገሩ እንዴት እንደተሠራ የገባኝ ድንኳኑ ውስጥ ነው። ወንድሜ «ሐሙስ ማታ ደውዬላት ‹እንዴት እንደምትነግሪያት አንቺ ታውቂያለሽ፤ ለቀብሩ ግን ትድረስ› አልኳት። ዓርብ ስትቀሪ ‹ዕድሩ ሰው ሳይሰበሰብ አይነገርም አለ› አለችኝ» አለ። ዳኛው ደግሞ «እኔ ዓርብ ጎህ ሲቀድ እንሂድ ብያት ነበር። ‹ቤተሰቡ እሑድ ይሁን ብሏል› አለችኝ» አሉ። ለወንድሜ ዕድሩን፣ ለዕድሩ ወንድሜን አመካኝታ፣ ሁለቱን ሥርዓት አክባሪዎች አንዱን በአንዱ ጋርዳ፣ ቅዳሜዋን አተረፈች። ወንድሜን ተቆጣሁት፤ ግን እሱ ቃል አልገባልኝም ነበር።

በሣልስቱ ከእናቷ ጋር መጣች። እናቷ አንገቴን አቅፈው አለቀሱ፤ የሚያውቁት ነገር እንዳልነበረ ከአለቃቀሳቸው ገባኝ። እሷን ከቤቱ ጀርባ ወሰድኳት።

«አደራዬን በላሽው» አልኳት።

«ዓርብ ብነግርሽ ቅዳሜን ማን ያቀርበው ነበር? እኔ እንደ አንቺ መናገር እችላለሁ?» አለች። እንባዋ ይወርዳል፤ ግን ትናገራለች። «የለፋነው ሁሉ ገደል ሊገባ! አባባ እንደሆኑ ብነግርሽም ባልነግርሽም አይመለሱ።»

ይሄን ስትል ዓይኗን አላሸሸችም። ያሸሸሁት እኔ ነኝ። አጠገቤ ተቀምጣ «ይሄኛውስ?» እያለች ኮዱን ስታሳየኝ የዋለችው ዓርብ በዓይኔ መጣ። ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ አብረን አልሠራንም። እሷ ሌላ ሥራ ይዛለች፤ ሰርቨሩንም ገጹንም ይዤ የቀረሁት እኔ ነኝ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ዕድሮች አፑን ወሰዱት። እኔ በዳኛው ጋቢ ውስጥ ሆኜ ሳለ አንዱ ሰውዬ «ሲለቀቅ ግን እንዴት ፈጣን ነው!» ብሏል አሉ። ስሰማ ሳቅሁ፤ አባቴም ቢሰማ ይስቅ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ ዳኛው ዘንድ ሄድኩ። «አንድ ነገር ብቻ ልጨምር» አልኳቸው። «እያንዳንዱ አባል በደህና ቀኑ ራሱ ይምረጥ። የራሱ ሀዘን ሲመጣበት ገጹ ይያዝለት ወይስ ወዲያው ይምጣለት። ‹ወዲያው› ያለውን ማንም በሥራ ስልኩ መያዝ አይችልም።» «በአንቺ የደረሰው በማንም እንዳይደርስ ነው» አሉና ፈቀዱ።

አብዛኛው አባል «ይያዝልኝ፤ ሰው ተሰብስቦ ይንገረኝ» ብሎ መረጠ። ያቺ ነጋዴም ይያዝልኝ አለች። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ለእነሱ ብዬ በር ከፍቼ እነሱ ሲዘጉት መሰለኝ። በኋላ ተውኩት። በራሳቸው ጣት የመረጡት ነው፤ እኔ የምጠላውን እንዲጠሉልኝ አላስገድድም።

ጓደኛዬ እስከ ዛሬ የዕድሩ አባል ነች። እናቷ ሰሞኑን ደክመዋል፤ ከቤት አይወጡም። እኔ እሷ ሥራ ስትሄድ ጠብቄ እጠይቃቸዋለሁ፤ «ልጄ፣ ምነው ጠፋሽ» ይሉኛል። ባለፈው ከእሳቸው ዘንድ ተመልሼ ኮምፒውተሬን ስከፍት የዘገዩት አባላት ምርጫ ገብቶ አገኘሁ፤ የእሷም ነበረበት። ስሟ ላይ ሳልደርስ ‹ይያዝልኝ› እንደምትል እርግጠኛ ነበርኩ፤ እንዲያ ብትል ኖሮ ምናልባት ለእኔ ያሰበች መስሏት ነው ብዬ አንድ ቀን ይቅር እላት ነበር።

«ወዲያው ይምጣልኝ» ነው ያለችው።

ሰርቨሩ አሁን በእኔ እጅ ነው፤ ምርጫዋን ልለውጠው ብል የሚያይ የለም። አልነካሁትም።